የካሱኬ ፊቶች

እኛ በዶቶንቦሪ ቦይ ዳር የምንኖር ሰዎች፣ የአሻንጉሊት ቲያትሩ አዲስ ተውኔት ባወጣ ቁጥር ፋታ የለንም። ሰዓሊው የሚያስለቅሰውን ትዕይንት ይስላል፣ ካሱኬ በቼሪ ጣውላ ላይ ይቀርጸዋል፣ እኔ ሪዬሞን ደግሞ ጣውላውን ቀለም ቀብቼ ለተመልካቹ በሚሸጥ ወረቀት ላይ አትመዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። ደክሞኛል፤ ምን እደብቃለሁ።

ካሱኬ የሚቀርጸው ፊትና ፀጉር ብቻ ነው። ልብሱንና ድልድዩን ሌሎች ይቀርጹታል፤ ፊት ግን የአንጋፋው ድርሻ ነው። ሥዕሉ ጣውላው ላይ ተለጥፎ አብሮ ስለሚቆረጥ፣ ቢላው ከሳተ ሥዕሉም አብሮ ይጠፋል።

“የእንጨት ሴትዮ ስታለቅስ አይቼ መልሼ እንጨት ላይ አስለቅሳታለሁ፤ ይሄም ሥራ ሆኖ” እያለ ይቀልዳል።

ከሁለት ዓመት ወዲህ መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ። ዓይኑ ደክሞ ነው። ፊት ከተወሰደበት ምን ይቀረዋል ብዬ ዝም አልኩ። በተበጠሰው ቅንድብ፣ በሳተው ጉንጭ ላይ ጥላ ጣል አደርግበታለሁ፤ በየወረቀቱ፣ አንድ በአንድ። የእጄ አንጓ አበጠ።

ባለፈው ሳምንት በአዲሱ ተውኔት ልጇን በገዛ እጇ አሳልፋ የምትሰጠው እናት ተቀርጻ መጣች። የግራ ዓይኗን ቢላው ወስዶታል። ዓይን በጥላ አይሸፈንም። ጣውላውን ታቅፌ ቤቱ ሄድኩ፤ ሻይ የፈሰሰበት ሩዝ ይበላ ነበር።

“ካሱኬ፣ ይቺን አልችላትም” አልኩት።

ዓይኗ የነበረበትን በጣቱ ዳሰሰ። “አጠፋኋት?”

“አጠፋሃት።”

“ጥላህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ” አለ። “እኔ እልኸኛ ነኝ፣ በራሴ አልተውም። አንተ መቼ ይሆን የሚሰለችህ እያልኩ ስጠብቅ ነበር።”

“አንጓዬ እስኪያብጥ?”

“አንተስ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍህን ምን ዘጋው?”

ተናደድኩ። ከንዴቴ በላይ ግን አዘንኩለት። ፊት የሚቀርጽበትን ቀጭን ቢላ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

“ለዋሄይ ስጠው፣ ከልብስ ቀራጮቹ እሱ ይሻላል። ሰዓሊው ዓይኗን እንደገና ይሳል፤ ዋሄይ ቦታውን ፈልፍሎ እንጨት ይሰካበትና ይቅረጸው። የልብሱ መስመር ወፍራም ነው፤ እሱን ለኔ ተዉልኝ።”

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው ወረቀት፣ ገና በጥቁር መስመር ብቻ፣ ወጣ። ካሱኬ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ብዙ ቆየበት።

“አይታየኝም” አለ። “ከእኔ ይሻላል?”

ለመዋሸት አቅም አልነበረኝም።

“ይሻላል” አልኩት።

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ ከዚያም የልብሱ ቀለም የሚታተምበትን ሌላ ጣውላ ወደ ብርሃኑ ስቦ የቀሚሷን ጠርዝ መቅረጽ ጀመረ።