ከእጄ የተማሩት ፍርሃት

በፍርሃታችን ሰዓት የማይለየን እግዚአብሔር ስሙ የተባረከ ይሁን። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የልጅ ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለቷ ነው። መንገዷ በጎረቤታችን ደጅ ያልፋል፤ በዚያ ደጅ ውሻ አለ።

ውሻው ያረጀ ነው፤ ማንንም ነክሶ አያውቅም። ባለቤቲቱ እንኳ፣ «ሌባ ቢመጣ በሩን የሚያሳየው እርሱ ነው» እያለች ትስቅበታለች። ልጅቱ ግን ድምፁን ስትሰማ እግሯ ይታሰራል።

አንድ ማለዳ፣ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» ብዬ እጇን ይዤ ወጣሁ። ከደጁ ስንደርስ ውሻው ከተኛበት ተነሣ። እርሷም ሽቅብ አየችኝና፣ «አባባ፣ እጄን አሳመሙኝ። አንቱም ይፈራሉ እንዴ?» አለችኝ።

እጇን አጥብቄ መጨበጤን አላወቅሁም ነበር። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ በየደጁ ስለምን፣ ውሾች ለምዴን ይቦጫጭቁት ነበር፤ የአንዱ ጥርስ ምልክት ዛሬም ባቴ ላይ አለ። ትምህርቴን ፈጽሜ፣ ልጆች ወልጄ ስኖር፣ ያ ፍርሃት ከተማሪ ቤት የቀረ መስሎኝ ነበር።

ሳንሻገር ተመለስን። የሆነውን ለእናቷ፣ ለልጄ፣ ነገርኋት።

«እኔስ ውሻ መፍራትን ከማን የተማርሁት ይመስልዎታል?» አለች ጥጧን እየፈተለች። «ቤተ ክርስቲያን ሲወስዱኝ ውሻው ገና ሳይታየኝ እጅዎ እጄን ጭምቅ ያደርገው ነበር። ክፉ ነገር መምጣቱን በዚያ አውቅ ነበር።»

ልጅ ሳለች ውሻ አይታ ስታለቅስ፣ «ይህች ፈሪ ማንን ወጣች?» እያልሁ በሰው ፊት እቀልድባት ነበር። አፌ አይዞሽ ሲል እጄ ሽሺ ይላት ኖሯል። መጻሕፍትን ስተረጉም የኖርሁ ሰው ይህን አንድ ነገር ከቤቴ ሳላነብበው ቀረሁ።

በማግሥቱ ጎረቤቲቱን ለመንኋት፤ መጥታ የልጅቱን እጅ ያዘች። እኔ ከአጥሩ ውስጥ ቀረሁ። ልጅቱ በሴትዮዋ ቀሚስ ተከልላ፣ አንድ ዓይኗን ብቻ አውጥታ ውሻውን እያየች አለፈች። ውሻውም ጅራቱን ወዝውዞ ተኛ።

«ተሻገረች» አልኋት ልጄን።

«እሰይ» አለች። ቅርጫቷን አንሥታ ገበያ ልትሄድ ወጣች፤ ያን ደጅ ላለማለፍ ግን በወንዙ በኩል ዞረች። ጠርቼ ልመልሳት አሰብሁ፤ ምን ብዬ?

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እግዚአብሔር እናንተንና ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅ፤ ልጆቻችሁንም ከእኛ ፍርሃት ያሳርፍልን። አሜን።