ወደ ባሕር የሚሄዱት ነጫጭ ፍሬዎች

አስካለማርያም ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ስድሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ዓመት ይቀራታል። የምታውቀው ባሕር ሉፔ በስልኳ ያሳየቻትን ብቻ ነው።

ሉፔ በቴክሳስ፣ አርሊንግተን ከተማ ባለው መጋዘን አብራት የምትሠራ ሜክሲኳዊት ናት። ወንድሟ ከድንበሩ ማዶ፣ ቴክሳስና ሜክሲኮ በሚጋሩት ባሕር ላይ ዓሣ ያጠምዳል። አንድ ቀን ምሳ ላይ የላከላትን ቪዲዮ አሳየቻት። ሰውየው አሸዋ ዘግኖ በጣቶቹ መካከል ያንቆረቁራል፤ አሸዋው ወርዶ ሲያልቅ ምስር የሚያካክሉ ነጫጭ ፍሬዎች መዳፉ ላይ ይቀራሉ። አስካለማርያም አወቀቻቸው። ቀልጦ ጠርሙስና ባልዲ የሚሆነው፣ እነሱም ቀኑን ሙሉ በከረጢት የሚያራግፉት ፕላስቲክ ነው።

"ከኛ ነው?" አለች በዚያችው በምትችላት እንግሊዝኛ።

ሉፔ ትከሻዋን ሰበቀች። "ከኛም ሊሆን ይችላል፣ ከሌላም። ዓሣው ግን ምግብ እየመሰለው ይውጠዋል።"

ከዚያን ቀን ወዲህ አስካለማርያም ወንፊት ከቤቷ አምጥታ ከወለል የተጠረገውን እየነፋች ፍሬውን ከአቧራ መለየት ጀመረች። "ሽሮ ሊያደርጉት ነው?" እያሉ አብረዋት የሚሠሩ የአገሯ ልጆች ሳቁባት። ልቧ ግን ከውሃው ጋር መሄድ ለምዷል። የግቢው ጎርፍ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው ጅረት ይወርዳል፣ ጅረቱ ትሪኒቲ ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ወንዙ ባሕር። ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት እየነዳች አንዲት ነጭ ፍሬ ትታያታለች፤ በድልድዮች ሥር፣ በዛፎች ጥላ፣ ፀሐይ በሚሞቁ ኤሊዎች አጠገብ ቀስ እያለች ትንሳፈፋለች፤ ድንበሩ ላይ ወረቀት የሚጠይቃት የለም።

ሐሙስ ዕለት እንዲሁ በሐሳብ ጭልጥ እንዳለች የፎርክሊፍቱ ሹካ ትልቁን ከረጢት ቀደደው። ፍሬው እንደ በረዶ ግቢው ላይ ተዘረገፈ። በሰሜን፣ በፍሪስኮ ከተማ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ሥራ ያስገባት አለቃዋ ሀሩን የውሃ ጎማ እየጎተተ መጣ።

"እትዬ አስካለ፣ ዞር ይበሉልኝ፤ በውሃ ልግፋው።"

"ወዴት ነው የምትገፋው?"

"ወደ ድሬኑ፣ ወደ ጎርፍ መውረጃው ነዋ። ሶ፣ አራት ትራክ ቆሞ ይጠብቀናል። አለቆቼ ዋርኒንግ ይሰጡኛል።"

"ውሃውን ዝጋው፣ ሀሩንዬ።"

"ማለቴ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው። ጤፍ የፈሰሰብዎ አስመሰሉት።"

"ጤፍማ ቢሆን ወፍ ይለቅመው ነበር። አሥር ደቂቃ ስጠኝ።"

"እኔ ብሰጥዎ ዝናቡ አይሰጥዎትም" አለ፤ ግን ውሃውን ዘጋው።

ጃኬቷን አውልቃ የጎርፍ መውረጃው ፍርግርግ ላይ አነጠፈችና ዳር ዳሩን በጣውላ ተጫነችው። ሉፔ በመጥረጊያ ትሰበስባለች፣ እሷ በአካፋ ባልዲ ውስጥ ትከታለች። ግማሹን እንኳ ሳያነሱ ዝናቡ ወረደ። ውሃው ጃኬቱ ላይ እንደ ኩሬ ተኛ፤ ፍሬዎቹ ተንሳፍፈው በዝግታ ይዞሩ ጀመር። አስካለማርያም ጎንበስ ብላ በወንፊት ትቀዳ ነበር። ዝናቡ ድምፁን ሁሉ ስለዋጠው የባሕሩ ዳር ላይ የቆመች ያህል ተሰማት። ሀሩን ከትራክ ሾፌሮቹ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ቆየና ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ መጥቶም የጃኬቱን ጠርዝ በሁለት እግሩ ረገጠላት።

ሦስተኛው ባልዲ ሊሞላ ሲል ጣውላው ተንሸራተተ። የጃኬቱ ጥግ ተነሣና ነጩ ፍሬ እንደ ክር ተስቦ የመውረጃው ጨለማ ውስጥ ገባ። ሦስቱም አዩት።

"ትንሽ ናት" አለ ሀሩን።

"አዎ፣ ትንሽ ናት" አለች።

ዝናቡ ሲያባራ ሉፔን ስልኳን ለመነቻት። "ለወንድምሽ ድምፅ እንልካለን" አለቻት። ሉፔ የመቅጃውን ምልክት ተጭና ወደ አፏ አስጠጋችላት።

"በአማርኛ ነው እንዴ የሚያወሩት?" አለ ሀሩን። "ሰውየው በምን ይሰማዎታል?"

"ሉፔ ትነግረዋለች። አንተ ለሉፔ በእንግሊዝኛ ንገርልኝ።"

ከዚያ ለማታውቀው ሰው ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገረች፦ "ወንድሜ፣ ዛሬ የፈሰሰው በኔ ጥፋት ነው። አብዛኛውን ይዤዋለሁ። ጥቂት አምልጦኛል፤ ወደ አንተ እየመጣ ነው።"