ያልጸዳው ወንፊት

ፊያማ እዚሁ ጣሊያን፣ ጉቢዮ ከተማ ያደገች የግንበኛ ልጅ ናት፤ ሙያዋ ግን የዓለት ዕድሜ መለየት ነው። ከከተማችን በላይ ካለው ገደል ንብርብሮች ለስላሳውን ፈልፍላ ትወስዳለች፤ ዘፍዝፋ በወንፊት ታጥበዋለች። ከዚያ በማይክሮስኮፕ የምታየው፣ ገደላችን የባሕር ወለል በነበረበት፣ ዳይኖሰሮች በኖሩበት በክሪቴሺየስ ዘመን ውኃው ላይ ተንሳፍፈው የኖሩ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ ፍጡራንን ቅርፊት ነው። በየዘመኑ አንዱ ዓይነት ጠፍቶ ሌላው ስለተተካ፣ ቅርፊቱን ያወቀ የዓለቱንም ዘመን ያውቃል።

ይህን ያስተማሯት ጋስፔሮ የሚባሉት ሽማግሌ ናቸው።

አንድ የጸደይ ቀን የሙያው ሰዎች በከተማው አዳራሽ ተሰብስበው ሳለ፣ ፊያማ ተነሥታ ጋስፔሮ ከገደሉ ለአንዱ ግራጫ ንብርብር የሰጡትን ዕድሜ ውድቅ አደረገች።

"መምህሬ በሃያ ሚሊዮን ዓመት ስተዋል፤ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ይሆናል!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷም አብራ ሳቀች። ጋስፔሮ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ገደሉ ሥር አልታዩም።

በመከር ፊያማ ያንኑ ግራጫ ንብርብር ደግማ ብታጥብ፣ የመከራከሪያዋ መሠረት የነበረው ባለ ክር ጠርዝ ቅርፊት አንድም አልተገኘም። ግራ ገብቷት ወንፊቱን ወደ ብርሃን አንሥታ በማጉያ መነጽር አየችው። የዚያው ዓይነት ቅርፊት ሽቦው መካከል ተሰክቷል። ከሌላ ኮረብታ፣ ብዙ ዘግይቶ ከተነጠፈ ዓለት የቀረ ነበር፤ በጸደይ ወንፊቱን ሳታጸዳ ነው የሠራችበት። ብቻዋን ሆና እንኳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ጋስፔሮን ጓሮ እንጨት ሲፈልጡ አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ የሳትኩት እኔ ነኝ። ወንፊቱ አልጸዳም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እዚያው አዳራሽ። ባሳየሽን ሥዕል ላይ ባለ ክር ጠርዙና የግራጫው ንብርብር ዓይነት ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ገና አልተፈጠረም፤ አብረው ውኃ አልጠጡም።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ስትስቂ አየሁሽ፣ ልጄ። ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋይ ማውራት አስጠላኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይቅርታ ልትል ስትጀምር መጥረቢያቸውን አነሡ።

"እኔን ተዪኝ። ለሳቁት ንገሪ።"

በቀጣዩ ስብሰባ ቆማ ሁሉንም ተናገረች። ማንም አልሳቀም፤ እሱ ባሰባት። ጋስፔሮ አልመጡም።

ዛሬ ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይሏታል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበታቸው ያወሯታል። ስለ ገደሉ ግን አንሥተውላት አያውቁም፤ እሷም ልትጠይቅ ትልና ታፍራለች።