ከወገብ በታች የማይወራበት ቤት

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ሜትር» እያለ ይጠራዋል፤ መለኪያውን ከአንገቱ አውርዶት ስለማያውቅ ነው። የሚሰፋው ሱሪ ብቻ ነው። ኮት ይዘው ሲለምኑት «እኔ ከወገብ በላይ አላውቅም» ብሎ ይመልሳቸዋል። የሚገርመው፣ ከወገብ በታች ያለ ነገር በእነሱ ቤት ተወርቶ አያውቅም። ሆዱን የታመመ «ትንሽ ከፍቶኛል» ይላል፣ የሰማው «ይማርህ» ይላል፣ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ግን ጎረቤት ሲታመም አሳምረው ይተርቱታል።

በዚህ ዓይነት ሦስት ሰው አልቋል። አባቱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ሲሞቱ ብስጭት ጨረሳቸው ተባለ። የአባቱን ወንድም፣ አጎቱን፣ መጠጥ ነው አሉ። ታላቅ እህቱን ብርድ መታት ተባለ፤ የሞተችው በሙቀት ወር ነበር፣ ግን ማን ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ሞት የየራሱ ምክንያት ስለተገኘለት፣ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም።

ሜትር ራሱ በአርባ አራት ዓመቱ ደም ሲያይ ኪንታሮት ነው ብሎ ደመደመ። ሲነጋ ጀምሮ የስፌት መኪና ላይ የሚቀመጥ ሰው ሌላ ምን ይይዘዋል? ትራስ እየቀያየረ ሰባት ወር ተቀመጠበት። በስምንተኛው ወር ሱቁ ውስጥ ተዝለፍልፎ ወደቀና ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሟ በቀጭን ቱቦ ካሜራ አስገብታ ስታየው ትልቁ አንጀቱ ላይ ካንሰር አገኘች። ዕድለኛ ሆኖ ገና አልተሰራጨም ነበር፣ ተቆርጦ ወጣለት። ለቤተሰቡ ትርፍ አንጀት ነው ብሎ ነገራቸው።

«በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ሕመም ነበር?» ብላ ጠየቀችው ሐኪሟ።

«የለም።»

«አባትዎ በምን ሞቱ?»

«በብስጭት።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከመሞታቸው በፊት ከስተው ነበር?»

ይህችን እንኳ መመለስ ይችላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ለዘመድ ሁሉ የሚሰፋው እሱ ነው፤ ለእህቱም ጉርድ ቀሚስ ይሰፋላት ነበር፤ ልኩን ሁሉ በደብተር ይይዛል። በማግስቱ ደብተሩን አመጣላት። የአባቱ ወገብ ዘጠና አራት፣ ከዚያ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ከዚያ ሰማንያ ሦስት። አጎትየውም እህትየውም እንዲሁ እየጠበቡ ሄደው ገጹ ባዶ ይሆናል። እነዚያን ሱሪዎች ያጠበበው እጁ ነው፤ አንድም ቀን ግን ለምን ብሎ አልጠየቀም። አሁን ሲያየው አፈረ።

ሐኪሟ ደም ወስዳ አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ቀስ ብላ አስረዳችው። «ሴሎቻችን ሲባዙ የዘር መልእክታቸውን እየገለበጡ ነው፤ ሲገለብጡ ደግሞ ይሳሳታሉ። ስህተቱን የሚያርም ዘረመል አለ። ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ እንቀበላለን። ከአባትዎ የመጣልዎት የተበላሸ ነው። ጤነኛው አንድ ቀን ከተበላሸ የሚያርም ይጠፋል፣ ካንሰሩም ይነሳል። ለእያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድም አለዎት?»

«አንድ ታናሽ አለኝ።»

«እንግዲያው ይንገሩት። ወርሶ ከሆነ በየጊዜው በካሜራ እናየዋለን፣ ሳይብስ እንደርስበታለን።»

ወንድሙ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሜትር ልጅ የለውም፤ የሹፌሩን አንዲት ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ነው የሚያያት። ሊነግረው ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄደ። አንዴ ስለ ዝናብ፣ አንዴ ስለ ጎማ መወደድ አውርቶ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተመለሰ።

ከአራት ወር በኋላ ሹፌሩ ራሱ ሱሪ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ወገቡ ሰፍቶኛል፤ አጥብብልኝ።»

ሜትር ለካው። ዘጠና አንድ። ደብተሩ ላይ ያለው ዘጠና ሰባት ነው።

«አልነካውም» አለ።

«ለምን?»

«መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ።»

«ለሱሪ ሐኪም?» ሹፌሩ ሳቀ። «መሪ ላይ እየዋልኩ ምሳ መቼ በልቼ ነው የማልከሳው?»

ቃሉ ሜትር ምላስ ላይ ደረሰ፤ አልወጣም። ሱሪውን አጥፎ መለሰለት። ሜትር ሥራ መልሶ አያውቅም፣ ስለዚህ ይህ ለእሱ ከመጮህ አይተናነስም። ሹፌሩ ግን ወንድሜ አኩርፎኛል ብሎ ሄደ።

ሁለት ወር አለፈ። ሜትር ፌርማታው ላይ ቆሞ ወንድሙ ከአውቶቡስ ሲወርድ አየው። ሱሪው ልክክ ብሎለታል። ከኋላ የተጠበበበት ስፌት ጠማማ ነው፤ የእሱ እጅ አይደለም። እዚያው ተሳፋሪ እየሰማ አንገቱን ያዘው።

«ካንሰር ነው! አባታችንም በእሱ ነው የሞተው፣ እኔም በእሱ ነው የተቀደድኩት። ሽንት ቤት ስትቀመጥ ደም ታያለህ?»

ሹፌሩ ዙሪያውን አየ። «አያለሁ» አለ ዝቅ ብሎ። «ኪንታሮት መስሎኝ ነው።»

በካሜራም በራጅም ሲታይ ካንሰሩ ከአንጀቱ አልፎ ጉበቱ ላይ ደርሶ ተገኘ። ሹፌሩ አልጋው ላይ ሆኖ ወንድሙን ጠየቀው።

«ስድስት ወር ሙሉ ታውቅ ነበር?»

«ሱሪውን አልነካም ስልህ እኮ...»

«ሱሪ መከልከል መንገር ነው፣ ጋሼ?»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ «ልጄን አንተ ንገራት» አለው። «ዛሬውኑ።»

ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ማታ ማታ ትማራለች፣ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ሜትር ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ አንጀቱን በስሙ፣ ደሙን በስሙ፣ ከአያቷ እስከ አባቷ የወረደውን፣ ለእሷም ግማሽ በግማሽ መሆኑን። ነገ ጠዋት አብረን ሄደን ደም ትሰጫለሽ አላት። አላለቀሰችም። ማሽኑን አጠፋችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«አባቴ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም» አላት። «የማውቀው እኔ ነበርኩ።»