ለመጥለፍ የወጣችው ሃያ

ያን ክረምት ጓደኛዬን ንፋስ መውጫ ያቆየው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። በአሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ አልመጣለትም። ከስማዳ የመጡ የአገሩ ልጆች ወደ መተማ፣ ከመተማም ድንበሩን ወደ ማዶ ሊሻገሩ ቀን ቆርጠዋል። እኔ እንዲቀርና በግሉ እንደገና እንዲፈተን እፈልግ ነበር። መከርኩት፤ አልሰማኝም። በመጨረሻ በጨዋታ ያዝኩት።

ጨዋታው ከአንድ ሰው ኮምፒውተር ወደ ስልኬ የገባ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። አንዱ ታሪኩን ይነግራል፣ ይዳኛልም። ሌላው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ሆኖ ይሄዳል፣ ይናገራል፣ ይዋጋል። ነጋሪው እኔ ነበርኩ። ግጥም ከመሞነጫጨር በቀር ሙያ ስላልነበረኝ መጽሐፉን በመዝገበ ቃላት እየቆፈርኩ ሁለት ወር ሙሉ ወደ ደብተር ገለበጥኩት። በመጽሐፉ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ጠባይ አለው፤ አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ ጋሻ ይሰብራል። ለዚህ ነገር ቃል አጥቼ ስንገላታ «ባሕርይ በለውና ተገላገል» ያለኝ እሱ ነው።

ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት እስቴ ውስጥ ቅኔ ቤት ቆይቷል። ስለዚህ ሕግ ሲነበብለት ዝም ብሎ አይቀበልም። «አንድም» ይላል፤ እንዲህም ይፈታል፣ አንድም እንዲያ። አንድ መስመር ለማለፍ ግማሽ ቀን የፈጀንበት ጊዜ አለ።

መጽሐፉ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ፣ እየተወረወረ ቁጥር የሚያወጣ ጠጠር፣ ይጠይቃል። ከየት ይመጣል? ከአንድ እስከ ሃያ ወረቀት ላይ ጽፈን፣ ጠቅልለን በድልህ ጣሳ ውስጥ ከተትነው። የወጣው ቁጥር ትልቅ ከሆነ ምቱ ያገኛል፣ ትንሽ ከሆነ ይስታል። ዕጣ የምናውቀው በዕቁብ ስለሆነ ደግሞ የወጣውን አንመልሰውም ነበር። ጣሳው ባዶ እስኪሆን አንዴ የወጣ ቁጥር ዳግመኛ አይወጣም። በመጽሐፉ ሥርዓት ይህ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ባውቅም የምለውጠው አይመስለኝም። በእኛ አወጣጥ ሃያ ብትዘገይ እንጂ አትቀርም፤ እንዲህ ያለ ዋስትና ያለው ሌላ ነገር በእጃችን አልነበረም።

የእሱ ሰው ጦረኛ ነበር። ጦሩ ሦስት ባሕርይ አለው። ረጅም ነው፤ ባላጋራው ሳይደርስበት ይደርሳል። ከጫፉ ሥር መንጠቆ አለው፤ እግር ይጠልፋል። ሦስተኛው ነፍሰ ገዳይ ይባላል፤ ሃያ ሲወጣ ጉዳቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከተራ መውጋት ሌላ ደግሞ ልዩ ምቶች አሉ፤ መጥለፍ፣ ማስጣል፣ መግፋት። ልዩ ምት የመረጠ ሰው በዚያ ተራ አይወጋም።

በፍልሰታ ጾም አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እያንጠባጠበ ወደ ክፍሌ ገባና ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ ሰውዬው በሩን ካለፈ እቀራለሁ፤ መስከረም ላይ እመዘገባለሁ» አለኝ። «ከሞተ ማክሰኞ እሄዳለሁ።»

«አንተ ደብተራ፣ በወረቀት መጠንቆል ጀመርክ?»

«ጥንቆላ አይደለም፣ ዕጣ ነው። ቅኔ ቤት ሳለን ክፉ ውሻ ወዳለበት መንደር ለልመና የሚሄደውን በዕጣ ነበር የምንለየው። የደረሰው ይለወጥልኝ አይልም።»

«ደርሶህ ያውቃል?»

ሱሪውን ሰብስቦ ባቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየኝ። «እንዳታዳላልኝ፣ ገጣሚው። ካዳላህ አውቅብሃለሁ። ያኔ ማክሰኞንም አልጠብቅም።»

በሩ በታሪኩ ውስጥ ያለ፣ እንደ አገራችን ጨጨሆ ጠባብ የገደል መተላለፊያ ነው። አንድ ባለ ጋሻ ሽፍታ ይጠብቀዋል። ብዙ ተዋጉ። በመጨረሻ የጓደኛዬ ሰው ለመሞት አንድ ቁስል ብቻ ሲቀረው ጣሳው ውስጥ ሦስት ዕጣ ቀረ። እሱ የወጣውን ሁሉ በቃሉ ይይዛል፤ በጣቱ ቆጠረ። «ሁለት፣ አራት፣ ሃያ» አለ። ለዚያ ሽፍታ ከሃያ በቀር የሚበቃ አልነበረም።

አሰበ። ወግቶ ከሳተ ሽፍታው ከጦሩ ርዝመት ውስጥ ገብቶ ይመታዋል። ጠልፎ ከሳተ ግን፣ ጠላፊ መሣሪያ የያዘ ሰው መሣሪያውን ለቆ ወደ ኋላ እንዲያመልጥ ሕጉ ይፈቅድለታል። ጠንቃቃ ሰው የሚመርጠው ግልጽ ነበር።

«እጠልፋለሁ» አለና እጁን ጣሳው ውስጥ ከተተ።

ሃያ ወጣች።

ከጀሪካኑ ላይ ዘሎ ተነሳ። «ሞተ! ሦስት እጥፍ! በሩን ክፈትልኝ!»

«ወደቀ እንጂ አልሞተም» አልኩት። «ጠለፍክ እንጂ አልወጋህም።»

«ጦሩ ነፍሰ ገዳይ ነው አላልክም?»

«ነው።»

«ታዲያ ሲጠልፍ ባሕርዩን ደጅ ጥሎት ይገባል? ጦሩ አንድ ነው፤ ባሕርይ አይከፈልም!»

«አብሮት አለ። የሚሠራው ግን ሲወጋ ነው።»

«አንድም...»

«አንድም የለም።»

ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የጻፍኩት መስመር «ሲወጋ ሃያ ከወጣ» ይላል፤ ስለ መጥለፍ አያነሳም። ዝም ያለበትን ቦታ ወደፈለግሁት መፍታት እችል ነበር። እሱም ቢሆን ማዳላቴን በምን ያውቃል? እንዳስጠነቀቀኝ አስታውሳለሁ፤ ለብዙ ጊዜም ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ያ ነበር። እውነቱ ግን በዚያች ደቂቃ ማክሰኞን አላሰብኩም። ሁለት ወር የለፋሁበት ሕግ አንድም ቦታ እንዳይላላ ነበር የምጠብቀው። ከቅኔ ተማሪ ጋር ተከራክሬ መርታቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

የቀሩት ሁለት ዕጣዎች ለማናችንም አልበቁም። ወረቀቶቹን ጠቅልለን ጣሳውን እንደገና ሞላነው። የወደቀው ሽፍታ ተነሳ። ለእሱ የማወጣለት እኔ ነኝ፤ አሥራ ስምንት ወጣ። የጓደኛዬ ሰው ገደል ገባ።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ በርትቶ ነበር። እሱ ሳህኑ ላይ የቀረውን የገብስ ቆሎ አንስቶ በላ።

«ትክክል ፈርደሃል» አለኝ።

«ሌላ ሰው ፍጠርና እንደገና እንጀምር።»

«ሌላ ሰው የለኝም።»

«ቀልዱን ተው። በወረቀት ተጫውተን ነው እኮ!»

«እኔ አልተጫወትኩም» አለና ነጠላውን ደርቦ ወጣ።

ሰኞ ክፍሉ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ሽፍታው ሞቷል፣ ሕጉን ተሳስቼ ነበር አልኩት። ፈገግ አለ። «አሁን እያዳላህ ነው» አለኝ። ማክሰኞ ማለዳ ቦርሳውን ተሸክሜ መናኸሪያ ሸኘሁት። የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ሞልቶ ስለነበር ከአገሩ ልጆች ጋር ከኋላ ተጨናንቆ ተቀመጠ። መስኮቱ በጉም ስለተሸፈነ ፊቱን በደንብ አላየሁትም።

ከመተማ አንድ ጊዜ ደወለ። ሙቀት ነው አለ፣ የሰሊጥ አጨዳ ይዘናል አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ እናቱ ፈልገው አገኙኝ። ያን ጊዜ አርብ ገበያ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሷል። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

«አንተን ይሰማ ነበር ይሉኛል፣ ልጄ። ቅር አላልከውም?»

«ብዬው ነበር፣ እናቴ።»

«ምን አለህ?»

ከየት እንደምጀምር አሰብኩ። ጦር እንደሌለ፣ ሽፍታ እንደሌለ፣ ልጃቸው ግን በእነሱ ምክንያት እንደሄደ እንዴት ይነገራል? ደንበኛ ወረቀቱን ይዞ ከኋላቸው ቆሟል።

«ቆርጦ ነበር» አልኳቸው።

«ቆርጦ ነበር» ብለው ደገሙት። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አመኑኝ። ከዚያ ስልኬ ላይ ቁጥሩ እንዳለ ጠየቁኝና እፊታቸው ደወልኩ። አይሠራም።

«እንደገና ሞክረው እስቲ» አሉኝ።

እንደገና ሞከርኩ።