የአያ ይሄይስ ቄጤማ

በ1979 በጋ፣ በመንደር ምስረታው ጊዜ፣ ከቡሬ ወዲያ ያለነውን ገበሬዎች ካድሬው በገመድ እየለካ አንድ ተዳፋት ላይ ደረደረን። ሰማንያ ቤት ከነሽንት ቤቱ ከላይ፣ የምንጠጣው ምንጭ ከታች። ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ለገበሬ ይነገረዋል?

ክረምት ሲገባ እጣቢው፣ አተላው፣ ከየጉድጓዱ የሞላው ሁሉ ወርዶ ምንጩ ገባ። የአያ ይሄይስ ሚስት ሀብትነሽ በተቅማጥ ሞተች። ሁለቱ እርስ በርስ የሚያወሩት በአዊኛ ነበር። ከሷ ወዲህ በዚያ ቋንቋ የሚያናግረው አላገኘም።

አርባዋ እንደወጣ አካፋ አነሳ። በድሮ ቤቱ ግርጌ ረግረግ ነበር፤ ከብት ያደፈረሰው ውሃ በቄጤማው መሀል አልፎ ሲጠራ አይቶ ነው ያደገው። ከምንጩ በላይ፣ የመንደሩ እጣቢ በሚወርድበት ላይ፣ ሁለት ጉድጓድ ቆፈረ። የላይኛው ዝቃጩን ያስቀራል። ታችኛውን ሰፋ አድርጎ ጠጠር አነጠፈበትና ቄጤማ ተከለበት። ዝቃጩን በየሳምንቱ በባልዲ እያወጣ ይቀብራል። ምንጩ ጠራ።

የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመራው ደርበው፣ ግን መንገድ ላይ አቆመው።

«አያ፣ ለጊዜው ማኅበሩን ብትተወው? ጽዋው በእጅ ነው የሚዞር፤ ያንተ እጅ ደግሞ...»

«እጄንማ በምንጩ ውሃ ነው የምታጠብ።»

«ተው እንግዲህ፣ እኛ በምንጠጣው!» ብሎ ደርበው ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የሚዘልቅ ሰው ጠፋ። ምን እንደሚሠራም የጠየቀው የለም።

ቀዳም ሥዑር ደረሰ። ቄጤማ የምናጭድበት የድሮው ረግረግ የግማሽ ቀን መንገድ ሆኗል። የማኅበሩ ሰዎች ታችኛውን ጉድጓድ በዚያ ደረቅ በጋ ለምልሞ ቢያገኙት ተራ ረግረግ መሰላቸው፤ ቄጤማውን ከነሥሩ ነቅለው ለቤተ ክርስቲያን አደረሱ። አባ ወልደ ገብርኤል ባርከው አደሉት። መንደሩ በሙሉ ሽንት ቤት ያበቀለውን ግንባሩ ላይ አሰረ።

አባ ቤት ለቤት ሲዞሩ አያ ይሄይስም ደጅ ደረሱ። በስድስት ወር የመጀመሪያ እንግዳው ናቸው። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰማሁ።

«እንኳን አደረሰህ ልጄ። ይኸው።»

ቄጤማውን አገላብጦ አየው።

«አባ፣ ይኸ የኔ ነው። የመንደሩን ቆሻሻ ውሃ የሚያጠራው ይኸ ነው። ሥሩ ከሌለ በግንቦት ዝናብ ምንጩ ይበላሻል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይንገሩልኝና ሁላችንም ወርደን እንትከለው።»

አባ ግንባራቸው ላይ ያሰሩትን ዳሰስ አደረጉ።

«በትንሣኤ ሕዝቤን እንዲህ ብዬ ላሳፍር?»

«ታዲያ ይሙት?»

«አንተው ቀስ እያልክ ትከለው። እግዜር ይቁጠርልህ።»

በፋሲካ ሰው ሲገድፍ እሱ ከሩቁ ረግረግ ችግኝ በትከሻው ያመላልስ ነበር። ብቻውን ነው፤ ሩቡን ሳይተክል ዝናቡ ቀደመው። በግንቦት መጨረሻ ሁለት ሕፃናት ቀበርን። ድንቁርና ነው የገደላቸው ይላሉ። አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ነበረን። እፍረት ነው የገደላቸው። የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቶ ምንጩን ያበላሸው የይሄይስ ጉድጓድ ነው፣ ይደፈን አለ። አባ እጃቸውን አወጡ። ደርበው አወጣ። እኔም አወጣሁ።

አያ ይሄይስ አፈሩን በራሱ አካፋ መለሰበት። ሁለት ቀን ፈጀበት፤ የሚያግዘው አልሄደም።