የሄብልሾው ሄብልሾ

ዊልፍሬድ ሄብልሾ የሚኖረው ሄብልሾ በምትባል መንደር ነው። ነገሩ ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ለዊልፍ ግን ቀላል አልነበረም። ከመንደሩ መግቢያ፣ አውቶቡሱ በሚቆምበት ጥግ፣ የመንደሩ ስም የተጻፈበት ነጭ ሰሌዳ ተተክሏል። ዊልፍ በዚያ ባለፈ ቁጥር ኮፍያውን ያስተካክልና በኮቱ እጅጌ የሰሌዳውን አቧራ ጠረግ ያደርጋል። ለማያውቀው ሰው የገዛ ቤቱን በር የሚወለውል ይመስላል። አንድ ጊዜ ከለንደን የተላከለት ደብዳቤ ላይ "ሄብልሾ፣ ሄብልሾ" የሚል አድራሻ ተጽፎ ነበር። አንድ የፖስታ ሠራተኛ ስሙ በስህተት የተደገመ መስሎት ደብዳቤውን ወደ ላኪው መለሰው። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። ዊልፍ ግን ላኪውን ለምኖ ያንኑ ፖስታ አስመጣና በመስታወት አድርጎ ከምድጃው በላይ ሰቀለው።

ሥራው ካብ መካብ ነው። በዚያ በዮርክሻየር ደጋ የበጉ ማሰማሪያ ሁሉ በድንጋይ ካብ የተከፋፈለ ነው። ጭቃም ሲሚንቶም አይገባበት፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። የክረምቱ ውርጭ የናደውን ዊልፍ በጸደይ ያነሳዋል። ዕድሜው ሰባ አንድ ቢደርስም እጁ አልሰነፈም። አንድ ልማድ ደግሞ አለው፣ ከአባቱ የወረሰው፤ አንድ ድንጋይ ካነሳ መልሶ መሬት አያስቀምጥም። ቦታ እስኪያገኝለት ድረስ ወገቡ ቢንቀጠቀጥም ይዞት ይቆማል። በነገርም እንዲሁ ነው። አንዴ ያነሳውን ነገር ሲያስቀምጥ ያየው ሰው የለም።

ካነሳቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር፤ ሄብልሾዎች ከሄብልሾ ወጥተው አያውቁም። መንደሩ ስሙን ለቤተሰቡ ሰጠ፣ ቤተሰቡም መንደሩን ጠበቀ፤ አለቀ። ይህንን በቢራ ቤት፣ በበግ ገበያ፣ በቀብር ላይ ሳይቀር ይናገረዋል። አብዝቶ የሚናገረው ግን ለጎረቤቱ ለክሌም ነው። ክሌም ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አያቱ ከተራራው ወዲያ ማዶ መጥተው እዚህ ከሰፈሩ መቶ ዓመት አልፏል። ዊልፍ ግን እስከ ዛሬ "መጤው" ብሎ ነው የሚጠራው።

በዚያ ሰኔ ወር ግን ይህ ጨዋታ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። የዊልፍ አንድያ ልጅ ሄስተር አዋላጅ ነርስ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ በአንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ፔንዛንስ ከሚባል ከተማ የአዋላጆች አለቃ እንድትሆን ጠየቋት። ፔንዛንስ ማለት የእንግሊዝ መሬት አልቆ ባሕሩ የሚጀምርበት ጥግ ነው፤ በባቡር ሙሉ ቀን ይፈጃል። መልሷን እስከ ሰኞ መስጠት አለባት።

"አባዬ፣ ፈቃድ አይደለም የምጠይቅህ" አለችው ቁርስ ላይ። "ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ግን 'ሂጂ' ብለህ ብትሸኘኝ ደስ ይለኛል። ሳትለኝ ብሄድ እዚያ ደርሼም የምሠራ አይመስለኝም።"

"እኔ አትሂጂ አልኩሽ?"

"አላልክም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም አላልክም።"

ዊልፍ ዳቦው ላይ ቅቤ ቀባ። ቀብቶ የጨረሰውን እንደገና ቀባው።

"እስከ ቅዳሜ ታገሺ" አለ በመጨረሻ። "ቅዳሜ ሚስ ዊኒፍሬድ የስማችንን ታሪክ ታነባለች። እሱን ስሚና ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።"

ሄስተር ገባት። አባቷ አፉን ከፍቶ "ቅሪ" አይልም፤ ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ የሄብልሾ አፈር ውስጥ የተኙትን ሰዎች አስነስቶ እነሱ እንዲሉለት ነው የፈለገው።

ሚስ ዊኒፍሬድ ሠላሳ ዓመት በስልክ ማዞሪያ የሠራች፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማይነካት የምትመስል ሴት ናት። ቤቷ የአገሩ ሁሉ የስልክ ማውጫ የተደረደረበት ነው። ዊልፍ ለምኗት ሁለት ክረምት ሙሉ ሄብልሾ የሚለውን ስም ከማውጫ ማውጫ፣ ከመዝገብ መዝገብ ስትከተል ከርማለች። ለድካሟ የጓሮዋን ካብ ከጥግ እስከ ጥግ አድሶላታል። ምን እንዳገኘች ሲጠይቃት ግን "ቅዳሜ ይሰሙታል" ከማለት ሌላ አልተነፈሰችም። ዊልፍ ይህንን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠረው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ሻይ ተቀድቷል፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የአሳማ ሥጋ ፓይ ተቆርጧል። ዊልፍ ለቀብር ብቻ የሚያወጣውን ጥቁር ልብሱን ለብሶ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠ። ሄስተርን አጠገቡ አስቀመጣት። ክሌም ሁለት ቁራጭ ፓይ ይዞ ከኋላ ተሰየመ።

ሚስ ዊኒፍሬድ መነጽሯን አደረገች። "ከትርጉሙ ልጀምር" አለች። "ሄብል በድሮው የአገራችን አነጋገር በጅረት ላይ የተጋደመ ሳንቃ ነው። ሾ ደግሞ ትንሽ ጫካ። ስለዚህ ሄብልሾ ማለት የሳንቃው ጫካ ነው።"

"እንጨት መሆኑንማ እኔም ጠርጥሬ ነበር!" አለ ክሌም ከኋላ።

ዊልፍ ዞር አላለም።

ሚስ ዊኒፍሬድ ከኋላዋ ያለውን ሰሌዳ የሸፈነውን ጨርቅ ገለጠች። የእንግሊዝ ካርታ ነው፤ ቀይ ቀይ መርፌዎች ተሰክተውበታል። "አራት መቶ አሥራ ሁለት ሄብልሾዎች በስልክ ማውጫ አሉ" አለች። "አንድ መቶ ዘጠና ያህሉ ከዚህ ስምንት ማይል ዝቅ ብሎ በክራግፎርድ ከተማ ነው። ዘጠናው ከተራራው ማዶ፣ የጥጥ ፋብሪካዎቹ በነበሩበት። የቀሩት ተበትነዋል። ወደ ደቡብ ስንወርድ ስሙም ይለወጣል፤ 'ኤብልሸር' የሚሉ አሥራ አንድ ቤተሰቦች አግኝቻለሁ። የእኛ ሰው ስሙን ሲጠየቅ 'ሄ'ን እንደሚውጣት ታውቃላችሁ። ጸሐፊው የሰማውን ጻፈ።"

"ዊልፍም ይውጣታል!" አለ ክሌም። "እስቲ ስምህን በል ዊልፍ!"

"ኤብ..." ብሎ ዊልፍ ጀመረና አፉን ገጠመ። አዳራሹ ሳቀ።

"እና እዚህ?" ሲል ጠየቀ ዊልፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እዚህ በእናት አገሩ ስንት ነን?"

"አንድ የስልክ ቁጥር" አለች ሚስ ዊኒፍሬድ። "የእርስዎ።"

ዊልፍ ወደ ሄስተር ዘንበል አለ። "አየሽ?" አላት። "ሌላው ሁሉ ሄደ። ቆመን የጠበቅን እኛ ነን።"

"ይቅርታ፣ አልጨረስኩም" አለች ሚስ ዊኒፍሬድ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፏ ለስለስ አለ። "የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ንጉሡ ግብር ሲያስከፍል በየመንደሩ የነበረው ሰው ሁሉ ስሙ ተጽፎ ነበር። የሄብልሾን መንደር ዝርዝር አነበብኩ። አዳም የሂው ልጅ። ዊልያም በግ ጠባቂው። ሮበርት አንካሳው። ሃያ ሦስት ሰው አለ፤ ሄብልሾ የሚባል አንድም የለም።"

"ጸሐፊው ረስቶት ነው!"

"የክራግፎርድን ዝርዝር ሳነብ ግን አገኘሁት። 'ጆን ዘሄብልሾ።' ከዚህ ሄዶ እዚያ የገባ ሰው ነው።"

"ከዚህ የሄደ ከሆነ ስሙን ይዞ ነው የሄደው።"

ሚስ ዊኒፍሬድ መነጽሯን አወለቀች። "ልጠይቅዎት። እዚህ መንደር ውስጥ ሰው እርስዎን ማን ብሎ ይጠራዎታል?"

ዊልፍ ከመመለሱ በፊት አዳራሹ በአንድ ድምፅ መለሰለት፤ "ዊልፍ የጃክ የሳም!"

ጃክ አባቱ ነው፤ ሳም አያቱ። በሄብልሾ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው፤ በአባቱ፣ ቢጠፋ በአያቱ።

"ክራግፎርድ ወደ በግ ገበያ ሲወርዱስ?"

ዊልፍ ኮፍያውን በጣቶቹ አዞረ። ካብ ሠሪ ሰው ነው፤ አንዱ ድንጋይ ከሌላው ጋር ሲገጥም ድምፁን ያውቀዋል። "ሄብልሾ" አለ ቀስ ብሎ። "'የሄብልሾው ሰውዬ መጣ' ይላሉ።"

"አዎ። እዚህ ሁላችሁም ከሄብልሾ ናችሁ፤ ማንም ማንንም በዚያ ስም አይለየውም። ስሙ የወጣው ለሄደው ሰው ነው፤ ያወጡለትም የሄደበት ቦታ ሰዎች ናቸው። እዚህ የቀሩት ሰዎች ልጆች በሌላ ስም ቀጠሉ።"

"ታዲያ እኔ ከየት መጣሁ?"

ሚስ ዊኒፍሬድ አንድ ወረቀት አነሳች። ማንበቡን የጠላችው ትመስል ነበር፤ ግን ሠላሳ ዓመት መስመር ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት፣ አገናኘችው። "የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ፣ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት። የግጦሹ መሬት በካብ ሲከፋፈል ሠራተኛ ተፈልጎ ነበር። 'ቶማስ ሄብልሾ፣ ካብ ሠሪ፣ ከክራግፎርድ የመጣ እንግዳ።' የሳም አያት አባት ነው።"

ክሌም ፓዩን ሳያኝክ ዋጠው።

"ስንት ዓመት አልሽ የኔ እመቤት?" አለ። "ሁለት መቶ? የኔ አያት ከመጡ መቶ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ልዩነት የለንም ማለት ነው።" ተነሳና እጁን ዘረጋ። "ዊልፍ፣ ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ!"

ሰዉ በሳቅ ወንበሩን አንቀጠቀጠው። ዊልፍ ተነሳ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ ለሚስ ዊኒፍሬድ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ወጣ። ከበሩ ሲደርስ "ካቡን በነጻ ነው ያደስኩልዎት" ብሎ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ብቻ ሰሙት።

ሄስተር ስታገኘው ከመንደሩ በላይ ባለው ማሳ ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ ካብ ይክባል። ፀሐይ ገና ከተራራው በላይ ናት። በጎቹ ቆመው ያዩታል።

"ልብስህን አበላሸኸው" አለችው።

"የቀብር ልብስ ነው። ዛሬም ቀብር ነው።"

"ማን ሞተ?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ሰሌዳ ስጠርግ የኖርኩት ሰውዬ።"

ሄስተር በወረቀት የጠቀለለችውን ፓይ ካቡ ላይ አስቀመጠች። "ክሌም ምን እንዳለ ልንገርህ?"

"አትንገሪኝ።"

"ከነገ ጀምሮ ሰሌዳውን በተራ እንጥረገው አለ።"

ዊልፍ ላለመሳቅ ታገለ፤ ትከሻው ግን ካደው። ፊቱን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሳ። ይዞት ቆመ። ቦታ የሚፈልግለት መስሎ ካቡን ወዲያና ወዲህ አየ፤ ዓይኑ ግን ካቡ ላይ አልነበረም፤ ወደ ክራግፎርድ የሚወርደው መንገድ ላይ ነበር።

"ይሄ ጆን የሚሉት" አለ።

"ጆን ዘሄብልሾ።"

"እሱ። የዚያን ቀን ሲሄድ አባቱ ምን ያለው ይመስልሻል?"

"እንጃ አባዬ። ምናልባት ሦስት ሳምንት ዝም ብሎት ይሆናል።"

በጎቹ ሣር ይነጫሉ። የዊልፍ ወገብ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ዝም ብሎት ቢቀር ኖሮ" አለ፣ "እኛም ስም አይኖረንም ነበር።"

ከዚያም ሄስተር በሕይወቷ አይታው የማታውቀውን ነገር አየች። አባቷ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ያነሳውን ድንጋይ መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው። እጁን ከሱሪው ጠረገ።

"ሂጂ" አላት።

"ምን አልክ?"

"ሰምተሻል። ሁለት ጊዜ አልለውም።" ፓዩን አነሳና ገመጠ። "ሰናፍጩን ረሳሽው።"

ሄስተር ሰኞ መልሷን ላከች፤ በነሐሴ ሄደች። ዊልፍ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት። ሰሌዳው አጠገብ ሲቆሙ እጅጌው ከልማዱ የተነሳ ወደ ሰሌዳው ሄደ። መለስ አደረገውና የእሷን ኮሌታ አስተካከለላት።

በጥቅምት አንድ እሑድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ክሌም ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ነበር፤ አሁን አሁን በየእሑዱ ይመጣል።

"እንዴት ነው ሥራው?" አለ ዊልፍ በስልኩ። እሱ ከሩቅ አገር ጋር ሲነጋገር ይጮሃል።

"ደህና ነው። ግን ስሜን መጥራት አቅቷቸዋል። ኤብልሸር ሲሉ፣ ኤፕልሻ ሲሉ፣ በመጨረሻ ተዉት።"

"ታዲያ ማን ይሉሻል?"

"ዮርክሻየር። ከሐኪሙ እስከ ዘበኛው ሁሉም። ትናንት አንዷ እናት ልጇን ታቅፋ 'አየሃት? ስትወለድ የተቀበለችህ ዮርክሻየር ናት' ስትለው ሰማሁ።"

ዊልፍ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ክሌም ሲያየው ፊቱ ቀልቶ እንባው ይወርዳል፤ ደንግጦ ብድግ አለ። ሰውየው እየሳቀ ነበር።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ስም ወጣላት" አለ ዊልፍ ስልኩን አስቀምጦ። "ኮፍያህን አምጣ፣ መጤው። አዳራሹ እንሂድ።"

"ማን ነው መጤው?"

"ሁለታችንም። ተነስ አሁን።"

ካርታው ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አልተነሳም። ሚስ ዊኒፍሬድ ለመዘምራኑ የመዝሙር መጻሕፍት ታስተካክል ነበር፤ አንድ ቀይ መርፌ ሰጠችው። ዊልፍ ጣቱን በካርታው ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ መሬቱ አልቆ ሰማያዊው እስከሚጀምርበት ድረስ አወረደ። ከዚያ በዚያ ድንጋይ ሲጭን በኖረ አውራ ጣቱ መርፌዋን ተጫናት። ወረቀቱን አልፋ፣ ሰሌዳውን በስታ ግድግዳው ድረስ ገባች።

"ቀስ ይበሉ እንጂ" አለች ሚስ ዊኒፍሬድ። "ካርታ ነው፣ ካብ አይደለም።"

"እንዳትወድቅ ብዬ ነው" አለ ዊልፍ።